ሜዳዩን ገልብጣችሁ እዩት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት የጥንት የጦር ሜዳይና የቆብ ዓርማ እውነተኛው ከቅጂው በምን እንደሚለይ ነው። ነገሩ የሰብሳቢዎች ጨዋታ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን አይደለም። በየቤታችን ሳጥን ውስጥ የአርበኛ፣ የክብር ዘበኛ ወይም በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ የዘመተ ሰው ሜዳይ ሊኖር ይችላል። የማያውቅ ሰው እውነተኛውን በርካሽ ይሸጣል፤ ትናንት የተሠራውን ደግሞ «የጥንት ነው» ተብሎ በውድ ይገዛል።

እንግዲህ በምን እንለየው?

አንደኛ፣ ጀርባውን እዩ። አስመሳይ ብዙ የሚደክመው ለፊቱ ነው። እውነተኛ ሜዳይ አብዛኛውን ጊዜ በብረት ቅርጽ በኃይል ተመትቶ የሚወጣ ስለሆነ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብጉር የመሰለ ጉድጓድ አይጠፋውም፤ ጠርዙም ብዙ ጊዜ በሞረድ የተፋቀ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ከዋናው ላይ የተቀዳ ቅጂ በመጠን ጥቂት ያንሳል። አንዳንዶቹ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሜዳዮች ጀርባቸው ላይ አዲስ አበባ የነበረው የሴቫጂያን ጌጣጌጥ ቤት ስም አለባቸው። ስሙም ቢሆን ይቀዳልና በእሱ ብቻ አትመኑ።

ሁለተኛ፣ አስተላለቁን ተመልከቱ። ደረት ላይ የኖረ ሜዳይ የሚያልቀው ከፍ ከፍ ያለው ቦታው ነው፤ የአንበሳው አፍንጫ፣ የዘውዱ ጫፍ። ጎድጓዳው እንደተሳለ ይቆያል። ሁሉም እኩል ከደበዘዘ ጠርጥሩ። ጥቁረትማ በአሲድም ይመጣል!

ሦስተኛ፣ ፊደሉን አንብቡ። እዚህ ላይ ከውጭ አገር ሰብሳቢዎች እኛ እንበልጣለን። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ለኛ ዘማቾች የተሰጠው በአማርኛ ተጽፎበት ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ፊደሉን እንደ ሥዕል ሲገለብጥ «ነ»ን ከ«ኘ» ሊያምታታ ይችላል።

አራተኛ፣ ጥብጣቡን እዩ፤ ነገር ግን አትቸኩሉ። ጥብጣብ ያረጃል፣ ይለወጣል። አዲስ ጥብጣብ ስላለው ብቻ ሜዳዩ ሐሰት አይሆንም።

ይህን የምለው ራሴ ስለተሳሳትሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የአርበኝነት ሜዳይ አሳዩኝ። መርፌው በቆርቆሮ የተበየደ ነበር። እኔም አዋቂ ነኝ ባይ፣ «እማማ፣ ይሄ የተሠራ ነው» አልኋቸው። እሳቸውም አምነውኝ ለአንድ ነጋዴ በጥቂት ብር ሰጡት። ኋላ በሌላ ሰብሳቢ እጅ አገኘሁትና በአጉሊ መነጽር ሳየው መስመሩም ፊደሉም ንጹሕ ነው። የተለወጠው መርፌው ብቻ ኖሯል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ሲሰበርበት ራሱ ነው እኮ ያስበየደው፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉኝ። ሜዳዩ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ከአጉሊ መነጽር በፊት ጥያቄ ይቅደም፤ ማን ለበሰው? የት ዘመተ? ማን ጠገነው? ጥገና ሐሰት አይደለም።

በመጨረሻ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ሜዳዩን በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ የዕድሜው ምስክር አብሮ ይታጠባል። የባለቤቱን ስምና ታሪክ በወረቀት ጽፋችሁ ከፎቶግራፉና ከምስክር ወረቀቱ ጋር አስቀምጡ። ደጃፋችሁ ላይ ለሚመጣ ገዢም በዕለቱ አትሽጡ፤ አንድ ሌሊት ይደርበትና ሌላ ሰው ይየው።