ቀድሞ የደረሰ የሚቀጣበት ሩጫ



የዚህ ሳምንት የንግግር ተራ ለእኛ ለገለጉ ልጆች መድረሱን ማኅበራችን ባስታወቀን ጊዜ፣ ስለ አውቶሞቢል እሽቅድድም እንናገራለን ብለን መለስን። ይህን የሰሙ ጓደኞቻችን ሳቁብን። «በገለጉ መኪና ከዋልካ ሲወጣ እልል ይባላል እንጂ ማን ከማን ይሽቀዳደማል?» አሉን። ሳቃቸው አላስቀየመንም። እንዲያውም የንግግራችን መነሻ እርሱ ስለሆነ እናመሰግናቸዋለን።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው እሽቅድድም እንደምንናገር ግልጽ እናድርግ። በክብ ሜዳ ጥቂት ጊዜ ዞሮ የሚያልቀውን ማለታችን አይደለም። የምንለው የጽናት ውድድር የሚባለውን ነው። በዚህ ውድድር የሚፈተነው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመኪናው ጥንካሬ፣ የነጂውም ትዕግሥት ነው። ከሁሉ የታወቀው በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1923 የተጀመረው የ24 ሰዓት ውድድር ነው። በአንድ መኪና ላይ ነጂዎች እየተፈራረቁ፣ ቀንም ሌሊትም ሲነዱ ቆይተው ብዙ ርቀት የሄደው ያሸንፋል። እስከ ዛሬም ድረስ ከባለሙያዎቹ ጎን፣ እንጀራቸው በሌላ ሥራ የሆነ አማተር ነጂዎች በዚያው መኪና ተራቸውን ይነዳሉ።

አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በለ ማን ስም እየቀለዱ «ሌመንስ» የሚባል የአማተሮች ውድድር ጀመሩ። በእነርሱ አነጋገር ሎሚ ማለት የማይረባ መኪና ማለት ነው። የውድድሩ ደንብ፣ ለነጂው ደኅንነት ከሚገጠመው ዕቃ በቀር የመኪናው ዋጋ ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ያዛል። እንግዲህ በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ ከእኛም አገር ብዙ ተወዳዳሪ በተገኘ ነበር።

ወደ እኛ የሚቀርበው ግን በጎረቤታችን በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ ምድር እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ነው። መኪኖቹ በመደብር ከሚሸጡት የተለዩ አልነበሩም፤ የተመደቡትም በየዋጋቸው ነበር። ተወዳዳሪዎቹም በዚያው አገር የሚኖሩ አማተሮች ነበሩ። ጭቃው፣ አቧራውና ጎርፉ ብዙዎቹን ያስቀራቸው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968ም የጨረሱት እንደገና 7 ነበሩ። በሁለቱም ዓመት ያሸነፉት ኒክ ኖቪችኪና ፓዲ ክሊፍ ሲሆኑ፣ የነዱትም ፔዦ 404 ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የናይሮቢው የጋራዥ ሰው ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሆኖ ባገለገለ ቮልቮ አሸነፈ። ሀብታሞቹ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ነጂዎቻቸውን ቢልኩም፣ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ነጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ እርሱም ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ፈጣን መኪና ያለውን ሰው 19 ዓመት ሙሉ አሸንፎ ኖረ ማለት ነው። በአገራችንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ «ሃይላንድ ራሊ» የተባለ ውድድር ይደረግ ነበር።

እነሆ አሁን ወደ ገለጉ እንመለስ። ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ፣ የአልጣሽም ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ገንዳ ውኃ የደረሰ መንገደኛ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነው ቆላ ወርዷል። ከዚያ በኋላ ያለው የዋልካ አገር ነው። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ አብጦ እንደ ሊጥ ይሆናል። ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ጎማውን ከጭቃ መከላከያው ጋር ያጣብቀዋል። በዚህ ጊዜ ረዳቱ ወርዶ በእንጨት ይፈለፍላል፤ ታኮ ያደርጋል፤ ካቦ ያስራል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይገፋል። ሰሊጡ፣ ጥጡና ማሽላው ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል የምትሄደው፣ እኛም ወደ ትምህርታችን የምንመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የጽናት ውድድር በገለጉ አለ፤ የሌለው ደንቡና ዳኛው ነው።

ይህን ለማለት ያበቃንን ነገር ሳንደብቅ እንናገራለን። ባለፈው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ስድስት ሆነን ለምዝገባ ከገለጉ ስንነሣ ማሽላ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። ሾፌሩ ወደ ገለጉ ሲመጣ መኪናው ወንዝ ዳር ተይዞበት አድሮ ነበር። በማግሥቱም ሲያስጭን ውሎ ማታውኑ ተነሣ። ገንዳ ውኃ ስንደርስ ሌሊት ሆነ። «ልጆቼ፣ እዚህ ትንሽ ጋደም ልበልና ሲነጋ እንውጣ» አለን። እኛም ተያየን። ምዝገባ ያመልጠናል ብለን ፈራን። ከመካከላችን አንዱ «ጋሼ፣ እባክዎ ይድረሱልን፤ የድካምዎን እናስብልዎታለን» አለው። ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጥተን ሰጠነው። ሰውየው ቡና ጠጣ፤ ጫቱን ያዘ፤ ተነሣን።

በዋልካው ሁለት ሌሊት ያልተኛው ሰው፣ አስፋልቱ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከነጋዴ ባሕር አለፍ ብሎ ዳገቱ ላይ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተኛ። እኛ ከማሽላው ጋር ተበትነን በመጫጫር ተረፍን። ሾፌሩ ትከሻው ተሰበረ። ረዳቱ ግን ቀኝ እግሩ ከጋቢናው ሥር ቀረና ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ አይበልጥም። ሌሊቱን ሁሉ ለእኛ ሲል ታኮ ሲያደርግ የነበረው እርሱ ነው። እኛ በሌላ መኪና ተሳፍረን ጎንደር ገባን፤ ከምዝገባውም አንድ ቀን ሙሉ ቀደምን።

ስለ እሽቅድድም ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በውድድር ደንብ ውስጥ የምናገኘው የፍጥነት ነገር መስሎን ነበር። ያገኘነው ሌላ ነው።

አንደኛ፣ በለ ማን ማንም ነጂ በማናቸውም 6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላውም ከ14 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ተከልክሏል። በዓለም የታወቀ፣ ሐኪም የሚጠብቀው፣ ምግቡ የተመጠነለት ነጂ አራት ሰዓት ነድቶ ይውረድ ከተባለ፣ የእኛ ሾፌር ሁለት ሌሊት እንዴት ይችላል? እንቅልፍ ጀግና አይመርጥም። ጫትም እንቅልፍን ቀጠሮ ያስለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሁለተኛ፣ በራሊ ውድድር ከአንዱ መቆጣጠሪያ ወደ ሌላው የሚደረስበት ደቂቃ የተወሰነ ነው። በዓለም ራሊ ደንብ፣ ዘግይቶ የደረሰ በየደቂቃው 10 ሰከንድ ይቀጣል። ቀድሞ የደረሰ ግን በየደቂቃው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቀጣል። ቀድሞ የመጣውን ዘግይቶ ከመጣው ስድስት እጥፍ የሚቀጣ ደንብ ያወጡት ፍጥነትን የሚወዱ ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ መቸኮል ሰው እንደሚገድል ስላወቁ ነው። በእኛ መንገድ ግን ቀድሞ የደረሰ አንድ ቢያጆ ይጨመርለታል፤ ዘግይቶ የደረሰ ይሰደባል። እኛም ለመቅደሚያ ብር አዋጥተናል።

ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 ከፓሪስ ተነሥቶ በዳካር የጨረሰውና ዛሬም በዳካር ስም በሳዑዲ ዓረቢያ የሚደረገው የበረሃ ውድድር፣ በመጀመሪያው ጊዜ 182 ተሽከርካሪ ተነሥቶ 74 ብቻ ደርሷል። በዚህ ውድድር አንድ ተወዳዳሪ ተጎድቶ ያገኘውን ሌላ ተወዳዳሪ ለመርዳት ቢቆም፣ የቆመበት ጊዜ ይመለስለታል። በዚህ ነገር የእኛ ሾፌሮች ከማንም አያንሱም። በገለጉ መንገድ የተያዘ መኪና ታይቶ አይታለፍም። ካቦውም፣ ክሪኩም፣ ውኃውም የጋራ ነው። ልዩነቱ፣ ለእነርሱ ያጠፉትን ጊዜ የሚመልስላቸው የለም። የረዱበትን ሰዓት ከእንቅልፋቸው ላይ ይቀንሱታል።

አንዳንዱ ጓደኛችን ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው ይለን ይሆናል። እውነት ነው። በገለጉ የእሽቅድድም ሜዳ ይከፈት አንልም፤ ነዳጁም ለአምቡላንስና ለትራክተር ያስፈልጋል። እኛ የምንለምነው ጨዋታውን ሳይሆን ደንቡን ነው። ለጨዋታ ሲባል የነጂው ዕረፍት በሰዓት ከተቆጠረ፣ ለእንጀራ የሚነዳው ሰው ዕረፍት የማይቆጠርበት ምክንያት አይታየንም።

ደግሞም ነገሩ ለቋራ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቋራው ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጋፋት ያሠሩትን ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱ፣ መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገዱን ያስጠርጉ ነበር፤ መንኰራኩሩ የሚንቀሳቀሰው በተሠራው መንገድ ልክ ነው። ጉዞው ወራት ፈጀ፤ ነገር ግን መድፉ መቅደላ ወጣ። ጠላት ከባሕር በኩል እየመጣባቸው የነበሩት ንጉሥ እንኳ መንኰራኩር ከመንገዱ እንደማይቀድም ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ነገር ለማኅበራችን እናቀርባለን። መጀመሪያ፣ ከሩቅ ወረዳ የምንመጣ ተማሪዎች መኪና በጋራ ስንኮናተር፣ ዋጋው ቢጨምርም ሁለት ሾፌር ያለውን እንምረጥ። ሁለተኛ፣ ለማስቸኮያ የምናዋጣውን ብር ለማሳደሪያ እናውለው። የአንድ ሾፌር የአልጋ ዋጋ ለስድስት ተማሪ ምንም ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ መምህሮቻችንን የምንለምነው፣ ወንዝ ሞልቶበት የዘገየ ተማሪ ሳይቀጣ የሚመዘገብበት ጥቂት ቀን እንዲታሰብለት ነው። ይህን የምንለው ስንፍናን ለመሸፈን አይደለም። ቀኑ ሲጠብ የሚከፍለው እኛ ሳንሆን ረዳቱ መሆኑን ስላየን ነው።

ረዳቱ ዛሬ በአንድ ጎሚስታ ቤት ተቀምጦ ጎማ ይለጥፋል። በዚህ ዓመት ስናልፍ ወርደን ሰላም አልነው። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን «ያ ምዝገባችሁ ደረሰላችሁ ወይ?» ብሎ ነው። «አዎ፣ ደረሰልን» አልነው። አንድ ቀን እንደቀደምን ግን ልንነግረው አፍ አጣን። ለእርሱ ያልነገርነውን ዛሬ ለእናንተ ነገርን።