የጣራው ውሃ ወዴት ይሂድ?



ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መግደሉ አይዘነጋም። ያ ጎርፍ ከደጋው የወረደ ነበር፤ የጅጅጋ ጎርፍ ግን ከገዛ ጣራችንም ይነሣል። 10 ሚሊሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ 1,000 ሊትር ያህል ነው። ቀድሞ አፈሩ የሚጠጣው ይህ ውሃ ዛሬ ወደ ታችኛው ሰፈር ይሮጣል። ቦይ ብቻውን አያድንም፤ ጎርፉን አፋጥኖ ለሌላው ያስረክባልና። በበጋ ደግሞ ውሃ በቦቴ እንገዛለን!

እንግዲህ አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ሁሉ የጣራውን ውሃ በግቢው ያስቀር። ብርካ፣ ማለት የተገነባ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ለሶማሌ አርብቶ አደር እንግዳ አይደለም፤ ለከተማ ፕላናችን ግን እንግዳ መስሏል። የሞላ ብርካ ጎርፍ አይገታምና የትርፍ ውሃው መውጫም በፕላኑ ይታይ። በወረቀት የተሣለው ብርካ በመሬት መቆፈሩን ሳያይ የሕንፃ ሹሙ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይስጥ።