ራውተርና የቴሌቪዥን ቦክስ ከመግዛታችን በፊት

(ከማኅበራችን የሒሳብ ክፍል በወርኃዊው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ አራት ኪሎ)



የዛሬው ርዕሳችን የሒሳብ ሪፖርት ባለመሆኑ ብዙዎቻችሁ ደስ እንዳላችሁ ከፊታችሁ እናያለን። ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሒሳብ ነው። ባለፉት ወራት ከቀረቡልን የብድር ማመልከቻዎች መካከል ዋይፋይ ለማስገባት፣ ራውተር ለመግዛት፣ ቴሌቪዥንን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን ትንሹን ቦክስ ለመግዛት የሚሉት እየበዙ መጥተዋል። መጀመሪያ ላይ ፊታችንን አጨማድደን ነበር። የቁጠባችን ገንዘብ ለስፌት መኪና፣ ለምጣድ፣ ለጉሊት ዕቃ እንጂ ለቴሌቪዥን ነው እንዴ ብለናል። አመልካቾቹን ጠርተን ስናነጋግር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዷ ኬክ መጋገር የተማረችው ከዩቲዩብ ነው፤ ስልኳን ከዱቄት ጣሳ ላይ አስደግፋ፣ በሊጥ እጇ ወደ ኋላ እየመለሰች። ሌላዋ እናት ልጃቸው ቤይሩት ናት፤ ዓይናቸው ደክሟልና በስልክ ስትደውልላቸው ፊቷ አይለይላቸውም። ከዶሮ ማነቂያ ተነስተው ቦሌ አራብሳ የገቡት አባሎቻችን ደግሞ ለስብሰባ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ቤታቸው ሆነው ሊከታተሉን ይፈልጋሉ። ብድሩን ፈቀድን። የቸገረን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ብድር ወስደው ከገዙት መካከል ዕቃው ያልሠራላቸው አሉ፣ ዕዳው ግን በየወሩ ይሠራል።

ምክር ከመስጠታችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በዚህች ቢሮ መደርደሪያ ላይ አምስት ወር ሙሉ ካርቶኑ ሳይከፈት የተቀመጠ ራውተር ነበር። በለጋሾቻችን ገንዘብ የተገዛ ነው። ሻጩ አራት አንቴና እንዳለው፣ ሦስት ቤት እንደሚያዳርስ ነገረን፤ እኛም አንቴናውን ቆጥረን ገዛን። ቢሮ ስናመጣው የስልካችን ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ተበላሽቷል አልን፣ ተታለናል አልን፣ ሻጩም ደረሰኝ ከተቆረጠ ወዲህ አልመልስም አለ። ዕቃው በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ሳይበራ የእርጅና ቅናሽ ሠራንለት! በመጨረሻ የአንዲት አባላችን ልጅ መጣ፣ ከአሮጌው ሞደም ጀርባ አንድ አጭር የኔትወርክ ገመድ አውጥቶ አዲሱ ራውተር ላይ ሰካው፣ ሠራ። ዕቃው ደህና ነበር። ያጣነው ገመድና የሚጠይቅ ሰው ነው።

ከዚያ የተማርነው፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ራውተር ጥሩ ነው?» እንዳልሆነ ነው። «ቤቴ የሚገባው መስመር ምንድን ነው?» ነው። በእኛ ሰፈር ያሉት መስመሮች በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የድሮው የመዳብ የስልክ ገመድ ነው፤ የስልክ ገመድ የሚቀበል ሞደም ይፈልጋል። ሁለተኛው ፋይበር ነው፤ በቀጭን የመስታወት ክር በብርሃን የሚመጣ ሲሆን የራሱ መቀበያ ሳጥን አለው፣ መስመሩን ከሚያስገባው ድርጅት ጋር የሚስማማ መሆን ስላለበት ከሱቅ በዘፈቀደ አይገዛም። ሦስተኛው በሲም ካርድ የሚሠራው ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳፋሪኮምም ስላለ ምርጫ አለን። ግን ባለ ሲም ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክ ላይ አድርጋችሁ፣ ቴሌቪዥኑ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ቪዲዮ ከፍታችሁ ሞክሩ። ጠዋት አትሞክሩ፤ ጠዋት ሁሉም ፈጣን ነው።

ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ቁጥርም እናንሳ። 1200፣ 3000 እየተባለ ይጻፋል። ይህ ራውተሩ በየሞገዱ ሊያስተላልፍ የሚችለው ተደምሮ ነው እንጂ ቤታችን የሚገባው የኢንተርኔት ፍጥነት አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉ ቢተልቅ ቧንቧው አይወፍርም። አንድ ቴሌቪዥን ጥርት ባለ ምስል፣ ኤችዲ በሚባለው፣ ለማየት 5 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃዋል። 4ኬ ለሚባለው እንኳ ኔትፍሊክስ የሚመክረው 15 ነው። ስለዚህ መስመራችሁ 10 ሜጋ ከሆነ ውዱን ራውተር ገዝታችሁ 10 ሜጋችሁን ነው የምታገኙት።

አሁን ወደ አንድ ግቢ እንውሰዳችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው፤ ባለቤቶቹ ፈቅደውልናል፣ ስማቸውን ግን አናነሳም። አምስት አባወራ አንድ ዋይፋይ በጋራ አስገብተው ወርኃዊውን እኩል ይካፈላሉ። የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ያደገ ሁሉ ይህ ነገር የት እንደሚደርስ ያውቃል። በሩ አጠገብ ያሉት ፊልም ያያሉ፤ ጥግ ያሉት ሁለቱ «እየከፈልን አናይም» ይላሉ። በሩ አጠገብ ያሉት «ስልካችሁ ነው አሮጌ» ይላሉ። ሦስተኛው ወር ላይ ጥግ ያሉት ክፍያ አቆሙ፤ አራተኛው ላይ ቡና መጠራራት ቀረ። ውሉ በአንዲት እናት ስም ስለሆነ ጉድለቱን እሳቸው ከእንጀራ ሽያጫቸው እየሞሉ ነበር። የብድር ክፍያቸው ለምን እንደዘገየ ስንጠይቃቸው ነው ይህን ሁሉ የሰማነው።

ሄደን አየን። ራውተሩ ከቡፌው ኋላ ተቀምጧል፣ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉ ለውበቱ ነው፣ ግን ዕቃው እሳት ሆኖ ነበር፤ ራውተር አየር ይፈልጋል። ዋናው ችግር ከጀርባው ነው፤ ቤቱንና የጋራውን ማድ ቤት የሚለየው ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። የዋይፋይ ሞገድ ከቆርቆሮ ላይ ተመልሶ ይነጥራል፣ አያልፍም ማለት ይቻላል። ጭቃ ግድግዳ ያዳክመዋል፣ ግን ያሳልፈዋል። የፒያሳ የድሮ ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ከጭቃው የባሰ ነው፣ ቆርቆሮ ግን ከሁሉም ይብሳል። ሮቶ ሙሉ ውሃም እንደዚሁ ይውጠዋል። ያደረግነው ይህ ነው፤ ረዘም ያለ የኔትወርክ ገመድ ገዝተን ራውተሩን ከቡፌው አውጥተን ከበረንዳው ጣሪያ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ከሁለቱ ሞገዶች ደግሞ ጥግ ላሉት ባለ 2.4 ጊጋኸርዙን፣ ቅርብ ላሉት ባለ 5ቱን ሰጠን። ባለ 2.4ቱ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ግድግዳ ያልፋል፤ ባለ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ግን ይደክማል። በዚያው ምሽት ጥግ ያለው ቴሌቪዥን ተከፈተ። የገመድ ዋጋ ብቻ ነው የወጣው። ቡናው ለመመለስ ግን ሁለት ሳምንት ፈጅቷል፣ እሱን በገመድ አላደረስነውም።

ለዚያ ግቢ አንድ ደብተር አዘጋጅተናል፤ ማን በምን ቀን እንደከፈለ ይፈረምበታል፣ ውሉ በስማቸው ያለው እናት ከመክፈያው ቀን አምስት ቀን ቀድሞ ገንዘቡ እጃቸው እንዲገባ ተስማምተዋል። የይለፍ ቃሉ ለአምስቱ ቤት ብቻ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ራውተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውንም ለውጠነዋል፤ ማንም እንግዳ ገልብጦ ሊያነበው ይችላልና።

ኮንዶሚኒየም ለገባችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቆርቆሮ የለም፣ የጎረቤት ራውተር ግን ከላይም ከታችም ከጎንም አለ። ባለ 2.4ቱ ሞገድ ውስጥ እርስ በርስ የማይጋጩ መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሃያ ቤት በሦስት መስመር ሲጋፋ ማታ ማታ ምስሉ ይቆማል። እናንተ ሁለቱም ሞገድ ያለውን ግዙ፣ ቴሌቪዥኑን በባለ 5ቱ ላይ አድርጉት። ከተቻለ ደግሞ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጡና በገመድ አገናኙ። ገመድ ከሁሉም ሞገድ ይበልጣል።

ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው እዚህ ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ቴሌቪዥን ከሰፈራችን ነው የወጣው ብንል አያኮራብንም። ዛሬ ቦክስ ለመግዛት ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ያለውን ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ስማርት ከሆነ ቦክስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ አሮጌ ስማርት ሆኖ ዩቲዩቡ መታደስ ካቆመ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሪሲቨራችሁም ጀርባው ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው በትንሽ የዋይፋይ አንቴና ዩቲዩብ የሚከፍት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም አንቴና ከሁሉም ሪሲቨር ጋር ስለማይስማማ ሪሲቨሩን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ። ከፋና እስከ ኢቢኤስ በዲሽ በነፃ የሚገባውን በኢንተርኔት አትመልከቱ፤ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይህ ያንገበግበናል። ቴሌቪዥናችሁ ኤችዲኤምአይ የሌለው፣ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ብቻ ያለው ከሆነ ደግሞ መቀየሪያ ትፈልጋላችሁ፤ የቦክሱ ዋጋ ላይ ደምሩት።

ቦክስ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ስም የሌላቸውን፣ «ሁሉም ቻናል በነፃ» የሚባልላቸውን ርካሾቹን እንድትሸሹ እንለምናለን። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንዲህ ያሉ ቦክሶች ከፋብሪካ ጀምሮ ወይም አፕሊኬሽን ሲጫንባቸው ተንኮል አዘል ፕሮግራም እየገባባቸው እንደሆነ አስጠንቅቋል። ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ዕቃዎች ተነክተው አግኝተዋል። ቦክሱ ፊልም እያሳያችሁ ሳለ ሌላ ሰው በእናንተ መስመር በኩል የወንጀል ሥራውን ያሳልፋል። መስመሩ የተመዘገበው በእናንተ ስም ነው። በዚያው ዋይፋይ ላይ ቴሌብር የምትከፍቱበት ስልክም አለ። ስም ያለው ቦክስ ይወደድ ይሆናል፣ ልዩነቱን ግን እኛ ብድሩ ላይ ብንጨምር ይሻለናል።

ባለ ሲም መስመር ለምትይዙ አንድ ስሌት አለን። በኔትፍሊክስ መረጃ መሠረት አንድ ሰዓት ፊልም በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋ ባይት፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ባይት ይወስዳል። በቀን ሁለት ሰዓት ብታዩ በወር በመደበኛው 60፣ በኤችዲ 180 ጊጋ ማለት ነው። ፓኬጃችሁን ከዚህ ጋር አስተያዩትና ያልተገደበውን መስመር ዋጋ ከጎኑ ጻፉ፤ ከዚያ በአሥራ ሁለት ወር አባዙት። ዕቃው አንዴ ነው የሚገዛው፣ ወርኃዊው ግን አያርፍም። ልጆች ሲያዩ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ፤ ካርቱን በ480 ያስቃል።

ከውጭ አገር ዕቃ ለምትልኩልን ወገኖቻችን በፍቅር አንድ ነገር እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ ሁለት ሞደም ደርሶናል፤ የመጡት በኬብል ቴሌቪዥን መስመር የሚሠሩ ናቸው፣ እኛ አገር ያ መስመር የለም። ባለ ሲም ራውተር ስትልኩ ለአንድ ኩባንያ ያልተቆለፈ መሆኑንና እዚህ ያለውን ሞገድ መቀበሉን አረጋግጡልን። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከመላካችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልን መልሱን በዚያው ቀን እንነግራችኋለን። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ብትልኩልን ግን ደስታውን አንችለውም፤ መብራት ሲጠፋ የቦሌ አራብሳ እህቶቻችን ስብሰባው መሃል ላይ ነው የሚቋረጥባቸው።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የብድር ማመልከቻው ቅጽ ላይ ሦስት መስመር ይጨመራል፤ ቤት የሚገባው መስመር ዓይነት፣ ወርኃዊ ክፍያው፣ ከማን ጋር እንደሚካፈሉት። መሙላት ያቃታት እህት ካለች ማክሰኞ ከሰዓት እኛ አለን፣ አስፈላጊ ከሆነ ቤት ድረስ እንመጣለን። ቆርቆሮውን እናያለን።

የቢሮው ራውተር አሁን ከፋይል መደርደሪያው ላይ ነው፣ ዳንቴል የለውም። የይለፍ ቃሉን ቡና ከምታፈላልን እህታችን ጠይቁ።