መፍትሔን የሚያስቀድም ምክር በጠረፍ ትምህርት ቤት
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ኬንያ ምድር ዘልቆ የሚሄድ መንገደኛ፣ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ዋልዳ የምትባለውን ቦታ ያገኛል። ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ብዙ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ፣ ድንበር ተሻግረው ለተሰደዱ በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የመጠለያ ሰፈር የሆነችው ይህችው ዋልዳ ነበረች። ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ሚስትና ልጁን ይዞ የወጣውም በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ተዘጋ፤ ከስደተኞቹም ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተዛወሩ። ድንኳኑ ቢነሣም የስደት ኑሮ ከጠረፉ አልተነሣም። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዪቱ ሞያሌ ሰላማውያን ሰዎች በወታደሮች ጥይት ሲገደሉ፣ ሕዝቡ ልጆቹን እያዘለ እንደ ገና ወደ ኬንያ ተሻገረ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች ስለ ቀረ፣ የቦረናና የገብራ ከብት በገፍ አለቀ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያስተምር መምህር ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ልጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በኢትዮጵያ በኩል በላቲን ፊደል ኦሮምኛ ሲማር የቆየው ልጅ፣ ድንበሩን በተሻገረ ማግስት በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። ትናንት በክፍሉ አንደኛ የነበረው ዛሬ ከሁሉ በታች ነው። አይናገርም፤ አይጽፍም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል። መምህሩም ጠርቶ «ለምን ቀረህ? ለምን አልሠራህም?» ይለዋል።

ይህ «ለምን» የሚባለው ጥያቄ በመምህራን ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። ለልጁ ግን የዳኛ ጥያቄ ነው፤ የሚመልሰውም ወይ ሰበብ ወይ ዝምታ ነው። እውነተኛውን ምክንያት ቢናገር እንኳ፣ ከብቱ አልቋል፣ አባቱ የት እንዳለ አይታወቅም ይላል። መምህሩ ከብቱን አያስነሣ፣ አባቱን ፈልጎ አያመጣ! ስለዚህ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይለያያሉ። ቀድሞ በዚህ ጊዜ አለንጋ ይነሣ ነበር። ዛሬ ግን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በትምህርት ቤት መግረፍን ከልክላለች፤ የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት፣ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው አንቀጽ 36፣ ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ አድርጓል። መልካም ሆነ፤ ነገር ግን አለንጋውን ላስቀመጠው መምህር በምትኩ የሚይዘውን የሰጠው ሰው ጥቂት ነው።

በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ ስቲቭ ደ ሼዘርና ባለቤቱ ኢንሱ ኪም በርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የምክር ማዕከል አቋቁመው ነበር። እነዚህ ሰዎች ከጊዜ በኋላ የደረሱበት ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የችግሩን ሥር እስከ መጨረሻው ሳይቆፍሩ መፍትሔውን መጀመር ይቻላል፤ የችግሩ ታሪክና የመፍትሔው መንገድ ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና። ደ ሼዘር እ.ኤ.አ. በ2005፣ በርግም በ2007 አርፈዋል፤ ዘዴያቸው ግን ከሐኪም ቤት አልፎ ወደ ትምህርት ቤት ገብቷል። ለጠረፍ ትምህርት ቤት የሚበጅበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በመካሪነት የሠለጠነ ሰው በሌለበት፣ በዕረፍት ሰዓት በምትገኝ ሩብ ሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር ሊሠራበት ይቻላል።

የዘዴው ዋና መሣሪያ ችግሩ ያልነበረበትን ጊዜ መፈለግ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀር ልጅ ሦስት ቀን ይመጣል። መምህራን ሁለቱን ቀን እየቆጠሩ ሦስቱን ይረሱታል። «ረቡዕ ዕለት መጥተሃል፤ ረቡዕ እንዴት ሆነልህ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ በመጀመሪያ ግራ ይገባዋል፤ ስለ ደግ ሥራው ምርመራ ተደርጎበት አያውቅምና። ኋላ ግን፣ ረቡዕ ውሃ የቀዳችው እኅቱ እንደ ነበረች፣ ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ተቀጣጥሮ እንደ መጣ ይናገራል። በዚህ ጊዜ መምህሩ አንድ የሚጨበጥ ነገር አገኘ፤ ያ ጓደኛ ሐሙስም ይጠራው ዘንድ መነጋገር ይቻላል።

ሁለተኛው የታወቀው የተአምር ጥያቄ ነው። ልጁ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ያስጨነቀው ነገር ሁሉ ቢወገድ፣ ነገር ግን ተኝቶ ስለ ነበረ መወገዱን ባያውቅ፣ ጧት ሲነሣ ነገሩ መለወጡን በምን ያውቃል? በሚልዋኪ የተጠየቀ ልጅ ምናልባት ስለ ፈተናው ወይም ስለ ወላጆቹ ጠብ ይናገር ይሆናል። በዋልዳ የተጠየቀ ልጅ ግን «ዝናብ ዘንቦ አገኛለሁ» ቢል ማንም ሊደነቅ አይገባም። መምህሩ «እሱ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ሌላ ንገረኝ» ብሎ ቢያቋርጠው ጥያቄው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይልቁንም «ዘነበ እንበል፤ አንተ ያን ዕለት ጧት መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ለውጡን ከፊትህ ቀድማ የምታየው ማን ናት?» ብሎ ይቀጥል። ልጁ «እናቴ ስስቅ ታያለች፤ ደብተሬንም አነሣለሁ» ሲል፣ ደብተር ለማንሣት ዝናብ የማያስፈልግ መሆኑን መምህሩ አይነግረውም። ይህን ልጁ ራሱ ቢደርስበት ይሻላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት ለመምህር ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል።

ሦስተኛው የመለኪያ ጥያቄ ነው። ከዜሮ እስከ አሥር ቢቆጠር ዛሬ የት ነህ? በቋንቋ የማይግባቡ መምህርና ተማሪ በዚህ ይግባባሉ፤ ልጆቹ ገበጣ የሚጫወቱባቸው ጠጠሮች አሥር ተለቅመው በመሬት ላይ ቢደረደሩ ይበቃል። ልጅቱ ጣቷን ሦስተኛው ጠጠር ላይ ብታደርግ፣ ያልተማከረ መምህር «ለምን ሦስት ብቻ?» ይላታል። በዘዴው የሚሄድ ግን «ከዜሮ ወደ ሦስት ያደረሰሽ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «አራት ላይ ብትሆኚ ምን የተለየ ነገር ይታይሽ ነበር?» ይላል። ስለ አሥር አይነሣም። ከሦስት ወደ አራት የሚያደርሰው ነገር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ከፊት ወንበር መቀመጥ፣ ያልገባትን ቃል የምትጠይቀው አንዲት ጓደኛ ማግኘት።

ልጁ «ዜሮ ነኝ» ያለ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ ማጽናኛ መደርደር አይጠቅምም። «ይህን ሁሉ ችለህ ዛሬ እንዴት ልትመጣ ቻልክ?» ተብሎ በእውነተኛ አክብሮት ይጠየቃል።

የሆነ ሆኖ ይህ ዘዴ የማይገባበት በር አለ። ልጅቱ ያለ ፈቃዷ ልትዳር መሆኑን፣ ወይም የሚደበድባት ሰው መኖሩን የተናገረች እንደ ሆነ ጠጠር መደርደር ነውር ነው፤ ጉዳዩ ወዲያው ለትምህርት ቤቱ ኃላፊና ልጆችን ለሚጠብቀው የመንግሥት ባለሥልጣን መድረስ አለበት። የራበውም ልጅ መጀመሪያ ይብላ። እንቅልፍ አጥቶ ጥይት የሚሰማው፣ ራሱንም ለመጉዳት የሚያስብ ልጅ ወደ ሐኪም ይመራ። መፍትሔን ማስቀደም ችግርን መካድ ማለት የመሰላቸው ሰዎች በዚህ ዘዴ ልጆችን ዝም አሰኝተዋል፤ ይህ የዘዴው አይደለም፤ የሰዎቹ ጥፋት ነው።

በርግ ከሊ ሺልትስ ጋር በፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ዘዴውን ለመላው ክፍል እንዲስማማ አድርጋ ነበር። አንድ ሰው በክፍሉ ጥግ ተቀምጦ መልካም የሆነውን ብቻ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ለተማሪዎቹና ለመምህሩ ያነብላቸዋል፤ ከዚያም ክፍሉ ራሱን ከአሥር ይለካል። ተማሪው በበዛበት ክፍል ይህን ሥራ ሁለት መምህራን እየተለዋወጡ ሊሠሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና የሌላውን መምህር በጎ ሥራ ለማየት የፈቀደ ዓይን ነው፤ ሁለተኛው ከደብተሩ ይልቅ መወደዱ ያሳዝናል።

በሁለተኛው ስብሰባ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከዚያ ወዲህ ምን ተሻለ?» የሚል ነው። በጠረፍ ግን ሁለተኛው ስብሰባ ላይኖር ይችላል። ቤተሰቡ ግጦሽ ፍለጋ ይሄዳል፤ ወይም ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ መምህሩም ይዛወራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ንግግር ሲፈጸም፣ የደረሰበትን ቁጥርና ቀጥሎ የሚያደርገውን አንድ ነገር ልጁ በራሱ ቋንቋ ጮክ ብሎ እንዲናገረው ይደረግ። የትምህርት ቤት መዝገብ በሞያሌ ኬላ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ልጁ በአፉ የያዘውን ቁጥር ግን ማዶ ላለው መምህር ራሱ ይነግረዋል፤ ያ መምህር «ስንተኛው ጠጠር ላይ ነህ?» ብሎ መጠየቅን ካወቀ።