የአረንጓዴ ሕንፃ መስፈርትና የአጥቢያ ግንባታዎቻችን
(በይምርሐነ ክርስቶስና በላስታ ላሉ አጥቢያዎች ካህናትና ሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለዛሬ የተሰጠን ርእስ ስሙ ከበድ ይላል፤ “የአረንጓዴ ሕንፃ የምስክር ወረቀት መስፈርት” ይባላል። ከእናንተ መካከል ጉዳዩን የሰማ ቢኖር አንድ ለጋሽ ድርጅት ወይም በውጭ አገር የሚኖሩ የአጥቢያው ተወላጆች “ለምትሠሩት ትምህርት ቤት ገንዘብ እንሰጣለን፤ ሕንፃው ግን የአረንጓዴ ሕንፃ መስፈርት ያሟላ” ብለው ሲጽፉ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ብሎኬቱ ከመኪና ተራግፎ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሊስተካከል የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚያ አስቀድሞ ስላለው ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዳይደባለቅ፣ ንግግራችን ስለ ቤተ መቅደስ አይደለም። መቅደስ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ባለቤትም አለው። የምንናገረው በደብሩ ስም ስለሚሠሩት ስለ ሌሎቹ ቤቶች ማለትም ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጤና ተቋም፣ ስለ እንግዳ ማረፊያ፣ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽና ስለሚከራይ ሕንፃ ነው።

ሆኖም በዚህ ቦታ ቆመን ስለ ግንባታ ስንናገር በዋሻው ውስጥ ያለውን ቤት አለመጥቀስ አይቻልም። ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠው ንጉሥና ካህን ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በአክሱም ሥርዓት ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተገነባ ነው። ነጩ ልስን በድንጋዩ ላይ ነው፤ ጥቁሩ መሥመር እንጨቱ ነው። እንጨቱ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ ግድግዳውን ዙሪያውን እንደ መቀነት አስሮ ይይዘዋል። ዛሬ መሐንዲሶች “ሪንግ ቢም” እያሉ በሲሚንቶና በፌሮ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም። ዋሻው ዝናቡን ከጣሪያው ላይ ይመልሳል፤ በዙሪያው ያለው የጥድ ደን አፈሩን ከተዳፋቱ ላይ ይይዛል።

ይህን ስንል ግን ከአንድ ስንፍና መጠበቅ አለብን። “አረንጓዴ ሕንፃ የሚሉት አባቶቻችን ድሮ የሠሩትን ነው፤ ለእኛ አዲስ ነገር የለውም” የሚል ንግግር በየስብሰባው እንሰማለን። ንግግሩ ያስደስታል። ይሁን እንጂ ይህን የምንለው እኛው የላስታን ጥርብ ድንጋይ ቤት አፍርሰን በቦታው ብሎኬትና የመስታወት ግድግዳ ስናቆም ነው። የአባቶች ሥራ ለእኛ ሕንፃ የምስክር ወረቀት ሊሆን አይችልም።

የምስክር ወረቀቱ ምን እንደሆነ እንግለጽ። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር ብሪም የተባለው ሥርዓት ተጀመረ። ከእርሱ በኋላ የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ሊድ የተባለውን አወጣ። ሊድ ነጥብ ይቆጥራል፤ ከ110 ነጥብ 40 ያገኘ ሕንፃ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደግሞ ፕላቲነም የተባለውን ከፍተኛ ደረጃ ያገኛል። ለእኛ ዓይነት ግንባታ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው፤ ኤጅ ይባላል። ያዘጋጀው የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ታስቦ የተሠራ ነው። ኤጅ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሕንፃው በአገሩ ከተለመደው ግንባታ ጋር ሲነጻጸር በኃይል፣ በውኃ፣ እንዲሁም በግንባታ ዕቃው በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ መቆጠብ አለበት። ስሌቱ የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል። ክፍያው የሚመጣው ለምዝገባውና ለመርማሪው ነው።

በእኛ አስተያየት ለላስታ ከሦስቱ ዋናው የግንባታ ዕቃው ጉዳይ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። በዚህ ደጋ የሚሠራ የመማሪያ ክፍልም ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ስለዚህ መብራት መቆጠብ የደብሩን ወጪ ይቀንሳል እንጂ ወደ አየር የሚወጣውን ጭስ ብዙም አይለውጠውም። ሲሚንቶ ግን ሌላ ነው። የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲቃጠል ከማገዶው ጭስ በተጨማሪ ድንጋዩ ራሱ የተቃጠለ አየር ይለቃል። ፌሮም እንዲሁ ብዙ እሳት የበላ ዕቃ ነው። ሁለቱም እዚህ የሚደርሱት በረጅም መንገድ ተጭነው ነው፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ያለውን 64 ኪሎ ሜትር ብቻ እንኳ የጭነት መኪና ባለቤት ይጠየቅ። እንግዲህ የላስታ ሕንፃ ሸክሙ ያለው በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ለግድግዳ በምንመርጠው ነገር ይወሰናል።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ድንጋይ ትልቅ ሀብት ነው። ጠራቢው ከእኛ ጋር ነው፤ ድንጋዩ እሳት አይፈልግም። ይህ ማለት ግን በጭቃ ብቻ እናቁም ማለት አይደለም። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አጠገብ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው የግንባታ ደንብ መከበር አለበት፤ ማሰሪያ ቢምና ጥሩ መሠረት የግድ ነው። ሲሚንቶን በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ማዋልና በሁሉም ቦታ ማፍሰስ አንድ አይደሉም።

ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። መርማሪው ሊመጣ ሲል “ድንጋዩ ከዚህ ነው፤ ሕዝቡ ያውቃል” ማለት አይበቃም። ማስረጃ ይጠይቃል። የግዢ ደረሰኝ፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ፣ ቀን ያለበት ፎቶግራፍ ይፈልጋል። የእኛ ግንባታ ደግሞ የሚቆመው በምእመናን ጉልበት ነው። በበዓል ማግሥት ወንዱ በትከሻው፣ ሴቷ በጀርባዋ፣ ሌላውም በአህያ የሚያመጣው ድንጋይ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ዕቃችን በወረቀት ላይ የሌለ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ከሩቅ የተገዛው ሲሚንቶ ግን ደረሰኙ በክላሰር ተሰክቶ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ስናይ ያሳዝነናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ድንጋዩ እንደመጣ በአንድ ሜትር ከፍታና በአንድ ሜትር ወርድ ይከመር፤ ርዝመቱ በሜትር ሲለካ በቀጥታ ሜትር ኩቡን ይሰጣል፤ በድንጋዮቹ መካከል ስላለው ክፍተት የሚቀነሰውን መሐንዲሱ ያሰላል። ቀኑ፣ የተቆፈረበት ቦታና ልኩ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው፣ ከሥራ ተቋራጩም ፎርማኑ ይፈርሙ። በስልክ ፎቶ ይነሣ። በግድግዳ ወይም በኮርኒስ የሚሸፈን ሥራ ሁሉ ሳይሸፈን ይነሣ፤ ከተሸፈነ በኋላ ማንም አይቶ ሊመሰክርለት አይችልም። በየደብሩ ሒሳብ የሚይዙ ትጉሃን አባቶችና ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን፤ ይህ ሥራ ከገንዘብ መዝገብ የሚከብድ አይደለም።

ምናልባት ይህ ለድሃ መንደር የማይሆን ነገር ይመስል ይሆናል። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር ፍራንሲስ ኬሬ የተባለው የመንደሩ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀ ትምህርት ቤት ሠርቷል። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበትን የሸክላ አፈር ጡብ አዘጋጁ፤ ቆርቆሮውም ሙቀት እንዲያወጣ ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ኬሬ በ2022 የሥነ ሕንፃን ታላቅ ሽልማት ፕሪትዝከርን ተቀበለ። ጣሪያውን ግን እንዳለ አንቅዳ፤ የእነርሱ ችግር ሙቀት ነው፣ የእኛ የሌሊት ብርድ ነው። ለእኛ የሚበጀው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከቆርቆሮው ሥር በደንብ የተዘጋ ኮርኒስና ወደ ደቡብ የሚከፈት መስኮት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለችና። ኤጅ ማሞቂያ ባይገጠምም እንኳ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርድ እንደ ኃይል ፍጆታ ቆጥሮ ያስገባል፤ ስለዚህ የመስኮቱ አቅጣጫ በነጥብ ላይ ይታያል። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ተቋርጦ የነበረበትን ወቅት ያየ ሰው ያለ መብራት የሚያገለግል ክፍል ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል።

ስለ እንጨት አንድ ነገር በጥብቅ እንናገራለን። በአካባቢው ያለው መልካሙ ጥድ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው፤ ፈተናውም ይኸው ነው። ሊድ ከደን አጠባበቅ የምስክር ወረቀት ካለው ደን የመጣ እንጨትን ይመርጣል። የደብሩን ጥድ ቆርጦ “አረንጓዴ” የሚባል አዳራሽ መሥራት በወረቀትም በኅሊናም አያስኬድም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጉት ጥናት እነዚህ ደኖች የአገር በቀል ዛፎች መጠጊያ ሆነው መቅረታቸውን ለዓለም አሳይቷል። ለመወጣጫ ባሕር ዛፍ አለ፤ አጣናውም ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ለበርና ለመስኮት የሚገዛ እንጨት ደግሞ ከየት እንደመጣ ሻጩ በጽሑፍ ይግለጽ።

ግንባታው በሚካሄድበት ጊዜ ስላለው ሥርዓት ብዙ አንናገርም፤ ከተዳፋት ጋር ኖራችሁ የምታውቁት ነው። ለም አፈሩ ለብቻው ይነሣና ይከመር፤ ከቁፋሮው በታች ካብና ቦይ ይሠራ፤ ደለል ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ምንጭ አይውረድ። ቁፋሮ ከክረምት በፊት ተጀምሮ ክፍት መተው የለበትም። ቀለም ሲገዛ እርሳስ የሌለበት መሆኑ ይጠየቅ፤ በአገራችንም መጠኑን የሚገድብ ደንብ ወጥቶበታል። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወይም በላሊበላ በቅርሱ ክልል ለመገንባት የሚያስብ አጥቢያ ደግሞ ንድፍ ከማሠራቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቅ። በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የተመለከተ ጉዳይ ነው።

ለውኃ አንድ ስሌት ይበቃል። የ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብበት 2,000 ሊትር ይወርድበታል፤ የሚባክነውን ቀንሰን ከአምስት አራት እጁን ብንይዝ 1,600 ሊትር ነው፣ ያውም በአንድ ቀን ዝናብ። አሸንዳና ታንከር በንድፉ ውስጥ ካልገባ ይህ ውኃ የሚያገለግለው መሠረቱን ለመሸርሸር ብቻ ነው።

አሁን እውነቱን እንነጋገር፦ ሁሉም አጥቢያ የምስክር ወረቀት ሊያወጣ ይገባል? አይገባም ብለን እናምናለን። ሁለት ክፍል ያለው የሰንበት ትምህርት ቤት ለሚሠራ ደብር ለምዝገባና ለመርማሪ የሚወጣው ገንዘብ ለታንከሩና ለኮርኒሱ ቢውል ይሻላል። መስፈርቱን ይከተል፤ ወረቀቱ ይቅርበት። ሆስፒታል፣ ኮሌጅ፣ የተማሪዎች ማደሪያ ወይም ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ፣ ወይም ለጋሹ በውል የጠየቀው ደብር ግን ይመዝገብ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ጌታችን በወንጌል አስተምሯልና የመርማሪውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ከለጋሹ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

የምትመዘገቡ ከሆነ ደግሞ መስፈርቱ በጨረታው ሰነድና በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ሥራ ተቋራጩ ውል ከፈረመ በኋላ “ፎቶ አንሣ፣ ቆሻሻ ለይ፣ የዕቃ ምንጭ አሳውቅ” ቢባል ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ፍትሐዊ ነው። የኤጅ ምርመራ ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያ በንድፉ ላይ፣ ኋላም ሕንፃው ሲያልቅ በቦታው። በመካከል ሰበካ ጉባኤው በምርጫ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ መዝገቡ በአንድ ሰው ቤት አይቀመጥ፤ በደብሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከንብረት መዝገቡ ጋር ይቀመጥ።

የድንጋይና የእንጨት መመዝገቢያ ቅጽ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እያንዳንዱ አጥቢያ ሁለት ሁለት ይውሰድ። በዚህ በጋ ግንባታ የሚጀምሩ አጥቢያዎች ንድፋቸውን ይዘው ከቅዳሴ በኋላ ቢቆዩን የመስኮቱን አቅጣጫና የጣሪያውን ውኃ አብረን እናያለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።