ሰጪውም ነሺውም አንድ አይሁን



የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ መንግሥት ፈቃድ የሚሰጠውም በሕዝብ ስም ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፈቃድ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣንን ለቦርድ ሰጥቶ ነበር። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ይህንኑ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አስተላለፈ። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሆነ ማለት ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። ነገር ግን ፈቃዱ በአንድ ደብዳቤ የሚነጠቅ ጣቢያ ሳንሱር ሳይመጣበት ራሱን ሳንሱር ያደርጋል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ፦
• ፈቃድ የሚሰረዘው በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ ይሆናል፤
• ዕድሳት ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል፤
• ይግባኝ እስኪወሰን ሥርጭት አይቋረጥም።

ይህ ድንጋጌ ነገ እኛንም ያስረናል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።