ዕጣና ምስጢር


የዕቁባችን ዕጣ የሚወጣው በሁላችን ፊት ነው። ዳኛው ጓዳ ገብቶ አውጥቶ ቢመጣ ማን ያምነዋል? በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያጸደቀችው ዴስ የተባለው የኮምፒውተር ምስጢር መቆለፊያ የገጠመው ይኸው ነው። መልእክትን 64 ቢት እየቆረጠ በመተኪያ ሰንጠረዦች ይለውጣል፤ የሰንጠረዦቹ ቁጥሮች እንዴት እንደተመረጡ ግን ስላልተነገረ ብዙዎች ጠረጠሩ።

ራልፍ መርክል በፈርዖን ስም ካፍሬ ያለውን መቆለፊያ ሲሠራ፣ ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ራንድ የተባለው ተቋም በ1955 ካሳተመው፣ አንድ ሚሊዮን የዕጣ አኃዞች ካሉበት መጽሐፍ ነው። ማንም ገልጦ ሊያመሳክር ይችላል። ጥርጣሬው ቀረ፤ ጥንካሬው ግን አልመጣም። ቢሃምና ሻሚር በ1991 ባለ16 ዙሩን ካፍሬ ሰበሩት። የዴስ ሰንጠረዦች ግን ይህንኑ ጥቃት እንዲቋቋሙ ታስቦባቸው የተመረጡ እንደነበሩ፣ ከሠሪዎቹ አንዱ ኮፐርስሚዝ በ1994 ገለጸ።

እንግዲህ ሰንጠረዡ ሊቅ ይፈልጋል፤ ዕጣ የግድ የሚያስፈልገው ቁልፉ ነው። እኛስ? የአባላት መዝገባችንን የቆለፍነው በማኅበሩ ምሥረታ ዓመት ነበር፤ የኢዮቤልዩ በዓላችንን የሚያውቅ ሕፃን ሁሉ ይከፍተዋል! ዘንድሮ ቁጥርና ፊደል የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች በባርኔጣ ቀላቅለን አንድ በአንድ አወጣን። ይህን ዕጣ ያዩት ግን ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ናቸው።